ጥርስ ላይ የሚጮኽ አይብ

የባሌ ታላቅ ወንድም ኮምቦልቻ ላይ የአይብ ማምረቻ ሊከፍት ነው ብለው ሲነግሩኝ፣ ሰውየውን ቀየሩት እንዴ ብዬ ጠየቅሁ። እኔ የማውቀው የባሌ ወንድም ዕድሜውን ሙሉ ቆርቆሮና ሚስማር ሲሸጥ የኖረ፣ አይብ ሲቀርብለት ሰሃኑን በጣቱ ጫፍ ወዲያ ገፋ አድርጎ «ይኼ የባላገር ነገር ለሆዴ አይስማማውም» የሚል ሰው ነው። ከሱቅ የሚመጣውን፣ በብልጭልጭ ወረቀት የተጠቀለለውን ቺዝ ግን ወረቀቱ ሳይቀር ይልሰዋል። እንግዲህ የወሎን አይብ ለዓለም ላስተዋውቅ ብሎ የተነሳው ይኸው ሰው ነው።

እኔ የቦሩ ሜዳ ገበሬ ልጅ ነኝ። ደሴ የገባሁት ሆጤ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ ላለው ሰው ተድሬ ነው። እስከ ዛሬም እዚያው ነን፤ ልጆቻችንም አድገው ወጥተዋል። የባሌ ዘመዶች ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ነጋዴዎች ናቸው። የመጀመሪያው ሰው ከየመን ባሕር ተሻግሮ መጣ ይላሉ። እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ሰውየው ባሕሩን የተሻገረው እነሱ እኔ ላይ እንዲኮሩ ብቻ ይመስል፣ በየሰርጉና በየሐዘኑ ካላነሱት አይሆንላቸውም። ሙሽራ ሆኜ ስገባ «ቅቤ ቅቤ ትሸታለች» ተባባሉ። በዚያው ቀን ምሳ ላይ ደግሞ ያንኑ ከቤቴ ያመጣሁትን ቅቤ ወጡ ላይ ጨምሩልን እያሉ ሲሻሙበት አይቻለሁ።

የባሌን ወንድም ከእንግዲህ ዋርሳዬ እያልኩ ልጥራው። ነገሩ የጀመረው ዋርሳዬ አዲስ አበባ ደርሶ ሲመለስ ነው። አንድ ትልቅ ሆቴል ውስጥ አይብ በእንጨት ገበታ ቀርቦ፣ ላዩ ላይ የጥብስ ቅጠል ተነስንሶበት፣ ፈረንጆች ፎቶ ሲያነሱት አየ። በቃ፣ ልቡ ተነካ። ለሰው ሲያወራ «ባህላችን እየጠፋ ነው ወላሂ!» ማለት አመጣ። የትኛው ባህል እንደጠፋበት እሱ ያውቃል። በኔ ቤት አይብ ከምድጃዬ ጠፍቶ አያውቅም፤ መምጣትና መብላት ነበር የሚበቃው።

ለባሌ ስልክ ደወለለት። «ሚስትህን ላክልኝ፣ ሙያዋ ያስፈልገኛል» አለው። ባሌ ደግ ሰው ነው፤ የወንድሙ ስልክ ሲመጣ ግን ከተቀመጠበት ብድግ ብሎ ቆሞ ነው የሚያወራው፣ ሰውየው ያየው ይመስል። ስልኩን ሲዘጋ ፊቱ በርቶ ነበር።

«አየሽ፣ አንድ ቀን ያንቺ ሙያ እንደሚፈለግ ነግሬሽ ነበር» አለኝ።

«መቼ ነገርከኝ?»

«አልነገርኩሽም?»

አልነገረኝም። ቢሆንም ሄድኩ። ሚኒባስ ይዤ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ ገባሁ። ዋርሳዬ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ፤ በትዳር በኖርኩበት ዘመን በር ላይ ሲጠብቀኝ ያ የመጀመሪያው ነው። አዳራሹ ድሮ ሽንኩርት የሚያከማችበት ነው። ግድግዳው ነጭ ቀለም ተቀብቶ፣ ወለሉ ላይ ሴራሚክ ተነጥፎ፣ መሐል ላይ የሚያብረቀርቁ ትልልቅ የብረት ገንዳዎች ተደርድረዋል። ሽንኩርቱ ግን አልወጣም። ቀለም ቢቀቡትም በር ስትከፍቺ ቀድሞ የሚቀበልሽ ሽታው ነው።

ከአዲስ አበባ የመጣ አማካሪም ነበረው። ነጭ ካፖርት ለብሷል። ይህን ካፖርት ምሳ ሲበላም፣ ጫት ሲቅምም፣ ከተማ ሲዞርም አያወልቀውም፤ ሰው ሐኪም መስሎት መንገድ ላይ ወገቤን እያለ ያስቆመው ነበር አሉ።

ዋርሳዬ ከገንዳዎቹ ፊት ወንበር ሰጥቶኝ እጁን እያፋተገ ጠየቀኝ።

«እንግዲህ ንገሪን። ወተቱ ከገባ በኋላ ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

«ምኑ ጋሼ?»

«አይቡ ነዋ!»

«በሰዓት የሚሆን ነገር አይደለም» አልኩት። «ወተቱ መጀመሪያ ይጠራቀማል። ቅሉ በወይራ ጭስ ይታጠናል፣ ወተቱ እላዩ ላይ እየተጨመረ እዚያው ይረጋል። እኛ ዘንድ ብርድ ስለሆነ ቀናት ይወስዳል፤ እናንተ ዘንድ ሙቀት ስላለ ይፈጥናል። ከረጋ በኋላ ይናጥና ቅቤው ይወጣል። የሚቀረው አሬራ ነው። አይብ የሚሆነው አሬራው ነው።»

«ቀናት?» አለና ወደ አማካሪው ዞረ። «ሠራተኛ ቀጥሬ ወተት እስኪኮመጥጥ ላስቀምጥ?»

«በሎሚ እናፋጥነዋለን» አለ ባለ ካፖርቱ።

«ከዚያ አሬራው ለስለስ ያለ እሳት ላይ ይጣዳል» ብዬ ቀጠልኩ፤ ተጠርቼ የመጣሁት ልናገር ስለሆነ። «መፍላት የለበትም። ከፈላ አይቡ ይደርቅና አሸዋ ይሆናል። ማማሰልም የለም። ዝም ካሉት ነጩ ራሱ ላይ ላዩን ይሰበሰባል፣ አጓቱ ከታች ይቀራል። ከእሳት አውርዶ እስኪቀዘቅዝ መተው፣ ከዚያ በጨርቅ ማጥለል ነው።»

ዋርሳዬ ግን ጆሮው ጭስ የሚለው ቃል ላይ ቀርቶ ነበር።

«በጭስ የጠቆረ ቅል እዚህ አዳራሽ አይገባም» አለ። «ንጽሕና ነው የምንሸጠው። እኛ ዕቃችንን በበረኪና ነው የምናጥበው።»

እውነቱን ነው፤ በበረኪና ነበር የሚያጥቡት። ወተት የቀረበውን ሽታ ሁሉ እንደሚስብ የማያውቅ ሰው የአይብ ባለሀብት ሆኖ ከፊቴ ቆሟል። ጭሱ ቅሉን እንደሚያጸዳው፣ ወተቱንም ሽታ እንደሚሰጠው ልነግረው ነበር። አማካሪው በዚህ መሐል ስልኩን አውጥቶ ማየት ጀመረ። ተውኩት።

የዚያን ዕለት ትኩስ ወተት ገንዳው ውስጥ ተገልብጦ፣ እሳቱ ተለቅቆበት፣ ሎሚ ተጨምቆበት ተቋጠረ። በመጭመቂያ ተጫኑት። ምሳ ሳይደርስ ወጣ። ቢጫ እንዲመስል እርድ ጨምረውበታል። ዋርሳዬ በቢላ ቆርጦ አቀረበልኝ፤ ቢስሚላህ ብዬ አፌ ውስጥ አደረግሁት። ጥርሴ ላይ ጮኸ። ያዲስ ጫማ ሶል ሴራሚክ ላይ ሲራመድ የሚጮኸውን ጩኸት ነው የጮኸው። ኮምጣጣነት የለው፣ ልስላሴ የለው፤ መጨረሻ ላይ በረኪናው ምላሴ ላይ ቀረ።

«እንዴት ነው?» አለኝ።

«አይብ አይደለም» አልኩት።

«እንግዲያውስ ዘመናዊ አይብ ነው» አለና ሳቀ። አማካሪውም ሳቀ።

በነጋታው አዳራሹ ውስጥ ጩኸት ሰማሁ። ዋርሳዬ ሠራተኞቹን በሙሉ አሰልፎ እየተቆጣ ነበር። ቅቤዬን ሰረቃችሁ ነው የሚለው። ይህን ሁሉ ወተት አፍልቶ አንዲት ማንኪያ ቅቤ አለማግኘቱ አብግኖታል። «ገበሬ ከአንድ ቅል ቅቤም አይብም ያወጣል፣ እኔ ከገንዳ ሙሉ ወተት አይብ ብቻ? ቅቤው የት ገባ?» እያለ የሴቶቹን ዘንቢል ሳይቀር አስፈተሸ።

እኔ ነኝ የነገርኩት። «ጋሼ፣ ወተቱን ሳይናጥ ነው የቋጠራችሁት። ቅቤው እዚያው አይቡ ውስጥ ነው ያለው።»

ሠራተኞቹን ይቅርታ ይጠይቃል ብዬ ጠበቅሁ። «ወደ ሥራችሁ!» ብሎ ወጣ። አንዷ ሴት ዘንቢሏን ከመሬት እያነሳች ስታለቅስ አየሁ። ያን ጊዜ ነው ሰውየው ከልቤ የወጣው። አለማወቁን እችልለት ነበር፤ ማናችንም ሳንማር አናውቅም። ባላወቀው ነገር ሰው ሌባ ካለ በኋላ እንኳ አንገቱ ቀና ማለቱን ግን አልቻልኩትም።

ወደ ደሴ ልመለስ ስዘጋጅ የዋርሳዬ ሚስት መጣች። ይህች ሴት ስታየኝ ሁልጊዜ ከላይ እስከ ታች ነው የምታየኝ፤ ያን ቀን ግን ፈገግ ብላ እቅፍ አደረገችኝ። የኪራይ የሀገር ልብስ አምጥታለች፤ አልቦ፣ ድሪ፣ ሹሩባ የሚሠራ ሰው ሳይቀር። ለካስ ለስልክ ፊልም ልቀረጽ ኖሯል። ቅል ይዤ፣ ሣር ላይ ተቀምጬ፣ እየናጥኩ እንድታይ ተፈልጓል።

«ቅሉ ውስጥ ምን አለ?» አልኳት።

«ምንም የለም። ግን ድምፁ እንዲሰማ ትንሽ ውሃ ጨምረንበታል።»

«ውሃ ልናጥ?»

«ማን ያውቃል የኔ እህት? አይታይ!»

በኮምቦልቻ ሙቀት፣ የሌላ አገር ሴት ልብስ ለብሼ፣ ውሃ እየናጥኩ ለዓለም ልታይ። አስታግፊሩላህ ብዬ ሻሌን ለበስኩና ወደ መናኸሪያ ሄድኩ። እነሱ ግን አልቸገራቸውም። ከአንድ ሆቴል አስተናጋጅ ለምነው አስቀመጧትና ቀረጿት። ልጅቱ ቆንጆ ናት፤ ቅሉን ግን እንደ ከበሮ እየመታች፣ አፉን ወደ ታች ዘቅዝቃ ትወዘውዘው ነበር። ወተት ቢኖርበት ኖሮ ሣሩን ነበር የምታጠጣው። ሆጤ ያሉ ጎረቤቶቼ ሁሉ ፊልሙን ላኩልኝ። «ዘመዶችሽ ታወቁ እኮ፣ ማሻአላህ!» ይሉኛል። ከሥሩ የተጻፈውን አስነበብኩ፤ «በቦሩ ሜዳ እናቶች እጅ የተዘጋጀ» ይላል።

እናቴ የቦሩ ሜዳ እናት ናት። ሞታለች፣ አላህ ይዘንላት። ማለዳ ማለዳ ጣቷ ከብርዱ የተነሳ እየተሰነጠቀ ቅሉን ጭኗ ላይ አድርጋ ስትንጥ ነው ያደግሁት። ቅቤው መድረሱን ለማወቅ በቅሉ ቀዳዳ ስንደዶ ታስገባና አውጥታ ወደ ብርሃን ታየዋለች፤ ጫፉ ላይ ጤፍ የሚያካክል ቅቤ ከያዘ «አልሐምዱሊላህ» ትላለች፣ ካልያዘ ያለ ቃል ትቀጥላለች። እጇን ተበድረው የሸጡት መሰለኝ።

ለባሌ ነገርኩት። «ማስታወቂያ ነው፣ ምን ይጎዳሻል?» አለኝ።

ብዙም ሳይቆይ ለማምረቻው ምረቃ ምሳ ተጠራን። አዳራሹ ውስጥ አበባ ተሰቅሎ፣ ነጋዴው፣ ባለሥልጣኑ፣ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ተቀምጧል። ሼኹ ዱዓ አደረጉ። ከዚያ አይቡ በእንጨት ገበታ፣ በጥብስ ቅጠል አጊጦ ዞረ። ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ማኘክ ሲጀምር ያ አዳራሽ ምን ያህል እንደጮኸ ልነግራችሁ አልችልም። አይጦች ጣሪያ ላይ የሚሯሯጡ ይመስል ነበር። ደግሞ የሰዉ ፊት! አንዱ በውሃ ያወርዳል፣ ሌላው ጉንጩ ሥር ደብቆ ይዞ ፈገግ ይላል። ዋርሳዬ በየጠረጴዛው ሲያልፍ ግን ሁሉም «ማሻአላህ! ልዩ ነው! የጥንቱ የጠዋቱ ጣዕም!» ይላል። የጥንቱ ጣዕም በረኪና ኖሯል። አንድ ጠና ያሉ ነጋዴ፣ ቦሩ ሜዳ ተወልደው ያደጉ፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ እውነተኛውን አይብ የበሉ ሰውዬ፣ «እናቴን አስታወሰኝ» ብለው ዓይናቸውን ሲያብሱ አየሁ። ከዋርሳዬ ቆርቆሮ በዱቤ ነው የሚወስዱት።

ከዚያ ዋርሳዬ ማይክ ይዞ ወደኔ መጣ። «እህታችን ከቦሩ ሜዳ ናት፤ የሙያው ባለቤት እሷ ናት። እስቲ አንድ ቃል ትስጠን» ብሎ ማይኩን እጄ ላይ አደረገው።

አስቤበት አልመጣሁም። ማይክ ይዤም አላውቅም። ባሌ ከጎኔ ሆኖ «አመሰግናለሁ በይና ተቀመጪ» ብሎ ሲንሾካሾክ ሰማሁት። ተነሳሁ።

«ይህን የሠራው ማሽን ነው» አልኩ። «የቦሩ ሜዳ እናት አልነካችውም። ፊልሙ ላይ ያለችው ልጅም ውሃ ነው የናጠችው። ጋሼ የወደደውን ይሽጥ፣ አላህ ሪዝቁን ያብዛለት፤ የእናቶቻችንን ስም ግን ያውርድልን። ይኼ አይብ አይደለም።»

ማይኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት፤ ድምፁ ጓ አለ። ማኘኩ ቆመ። የዋርሳዬ ሚስት «ወየው ጉዴ!» ስትል ብቻ ተሰማ። ዋርሳዬ ሊስቅ ሞከረ፣ «ባላገር እኮ ቀልደኛ ነው» አለ፤ የሳቀለት ግን አማካሪው ብቻ ነበር፣ እሱም ደመወዝተኛ ስለሆነ።

ወደ ደሴ ስንመለስ ባሌ ሐረጎ አናት ላይ ጭጋጉ ውስጥ ስንገባ ነው የተናገረው።

«በሰው ፊት ወንድሜን አዋረድሽው።»

«እሱ እናቴን አዋርዷታል።»

«እናትሽ ሞታለች፤ እሱ ግን ነገም ፊቴን ያያል።»

ሹፌሩ በመስታወቱ እያየን ነበር። ቤት ስንደርስ ልብሴን በፌስታል አድርጌ በነጋታው ወደ ቦሩ ሜዳ ሄድኩ። ታላቅ እህቴ ያባታችን ቤት ውስጥ ናት፤ ላሞቹንም የያዘችው እሷ ናት። ምን ሆንሽ አላለችኝም። ቅል ሰጠችኝ።

ባሌ ይደውላል ብዬ ነበር፤ አልደወለም። ሰነበተ። አንድ ማለዳ በረት ውስጥ እያለሁ ውሾቹ ጮኹ፤ ብቅ ስል ባሌ የከተማ ጫማውን ጭቃ ውጦት፣ ውሾቹን በጃንጥላ እየተከላከለ ቆሟል። እህቴ አስገብታ አስቀመጠችው። ልጣላው ቃላቴን አዘጋጅቼ ነበር፣ እሷ ግን ዕድል አልሰጠችኝም። እኔ ስንጠው የነበረውን ቅል አንስታ ጭኑ ላይ አደረገችለት።

«እስቲ እኛ ቁርስ እስክንሠራ ያዝልን» አለችው።

«እኔ?»

«እጅ የለህም?»

እህቴ የነጋዴ ዘር ፈርታ አታውቅም። ባሌ ኮቱን አወለቀና ያዘው። መጀመሪያ እንደ ሕፃን አቅፎት ተቀመጠ። እህቴ «ወደፊት ወደኋላ፣ አይዞህ አይነክስህም» አለችው። ጀመረ። ብዙ ሳይቆይ ላብ አጠመቀው፤ ቦሩ ሜዳ ብርድ ላይ ያላበው ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። «ደረሰ?» ይላል። እህቴ ስንደዶዋን አስገብታ ታወጣና «ገና» ትለዋለች። ትንሽ ቆይቶ «አሁንስ?» «ገና።» ብርዱ ቅቤውን ይዞት ስለነበር በመጨረሻ ቅሉን ለምድጃው አስጠግተን ትንሽ አሞቅነው። እሱ ግን አላቆመም፤ ልንቀበለው ስንል እንኳ እንቢ አለ። ቅቤው ሲሰበሰብ የቅሉ ድምፅ ተለወጠ። ራሱ ነው ቀድሞ የሰማው። «ከበደኝ፣ ተለወጠ!» ብሎ ጮኸ። እህቴ ከፈተችው፤ ቅቤው ተንሳፍፎ ነበር።

አሬራውን እሳት ላይ ጥደን ጥግ ጥግ ተቀመጥን። እህቴ ሆን ብላ ወጣችልን። ባሌ ያበጠ መዳፉን እያየ ተናገረ።

«ያን ዕለት እኔም በረኪና ሸቶኝ ነበር።»

«ምሳው ላይ?»

«ገና አፌ ሳይደርስ።»

«ታዲያ ምን አልክ?»

«ማሻአላህ ነዋ ያልኩት።» ቀና ብሎም አላየኝም። «ወንድሜ ነው። አባቴ ከሞተ ጀምሮ እንቢ ብዬው አላውቅም። እንዴት እንደሚባልም አላውቅበትም።»

ልነግራችሁ የሚገባኝ፣ በዚያች ሰዓት ባሌንም ናቅሁት። ሽበት ያወጣ ሰው፣ የገዛ ምላሱ የነገረውን ለመናገር የታላቅ ወንድም ፈቃድ የሚጠብቅ። ግን መዳፉ ውሃ ቋጥሮ ነበር፤ እንዲህ ሆኖም ቅሉን አልለቀቀም። ቅቤ አምጥቼ መዳፉን አሸሁለት።

«ስሙ እንዲወርድ ነገርኩት» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ለማን?»

«ለወንድሜ። የቦሩ ሜዳ እናቶች የሚለውን አውርደው አልኩት። ሰደበኝ። ስልኩን ዘጋሁበት።»

«ቁጭ ብለህ ነው ቆመህ?»

መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ለሽማግሌ የሚሆን ጠብ አልቀረንም። አይቡ ተጠልሎ እስኪደርስ አድረን፣ በኮባ ጠቅልለን፣ በሚኒባስ ወደ ቤታችን ገባን።

ማምረቻው ከዚያ በኋላ ብዙ አልዘለቀም። ሆቴሎቹ መጀመሪያ ለይሉኝታ ወሰዱለት። ከዚያ የወሰዱትን እየመለሱ ያመጡለት ጀመር። አዳራሹ ውስጥ የተከማቸው አይብ በኮምቦልቻ ሙቀት ሽንኩርቱንም በረኪናውንም ጠጥቶ፣ የሠፈሩ ሰው በዚያ መንገድ ማለፍ ተወ አሉ። አማካሪው አንድ ቀን ለምሳ እንደወጣ አልተመለሰም፤ ካፖርቱን ግን ይዞት ሄዷል። ረመዳን ሳይገባ በሩ ተዘጋ። ዋርሳዬ አሁን እዚያው አዳራሽ ውስጥ ሴራሚክ ይሸጣል፣ ጥሩም ገበያ አለው ይሉኛል። ሰው በተሰበሰበበት ሲጠየቅ «ገበሬው ወተቱ ላይ ውሃ እየጨመረ አከሰረኝ» ይላል። ሥራ ያጡትን ሴቶች አንስቶ ሲናገር የሰማው የለም። ከነሱ አንዷን፣ ዘንቢሏ የተፈተሸውን፣ ደሴ ቧንቧ ውሃ ሠፈር እንጀራ ስትሸጥ አግኝቻታለሁ፤ ስሙን ስጠራባት ወደ ጎን ምራቋን እንትፍ አለች።

ከዋርሳዬ ጋር ሰላምታ አለን። በሰላምታው ላይ ምንም አልጨመርንም። ፊልሙ እስከ ዛሬ አልወረደም፤ ጽሑፉን ግን አውርዶታል፣ ባሌ አይቶ ነገረኝ።

ባለፈው ኢድ ዋዜማ የዋርሳዬ ሚስት ቤቴ መጣች። ብቻዋን ነበረች። ጓዳ ድረስ ገብታ በርጩማ ላይ ተቀመጠች፤ ይህንንም አድርጋ አታውቅም። እንግዶች አሉብኝ አለች፤ ትንሽ አይብ ካለሽ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፣ ሰው ይሰማን ይመስል። እሳት ላይ አሬራ ጥጄ ነበር።

«ገና ነው፣ ትቀመጪያለሽ?» አልኳት። «አብረን እናየዋለን። ልታውቂው ከፈለግሽ ለራስሽም ትሠሪያለሽ።»

«እንዴታ! ሁልጊዜ ላውቀው እፈልግ ነበር እኮ» አለች። ድስቱን አየት አደረገች። ከዚያ ስልኳን አየች፣ እንደገና ድስቱን አየች። «ለምን አታማስዪውም?» አለችኝ። «አይማሰልም» አልኳት። «እሳቱን ብትጨምሪበትስ?» «አይጨመርም።» ወዲያው «ሹፌሩ እየጠበቀኝ ነው» ብላ ተነሳች።

የትናንትናውን አይብ ከፍዬ በኮባ ጠቅልዬ ሰጠኋት። ኮባውን በሁለት ጣቷ ይዛ ቆመች።

«ፌስታል የለሽም?» አለችኝ። «መኪናው ወንበር ላይ እንዳይሸት።»

ፌስታል ሰጠኋት።